ገና አላረፉም

በምሠራበት ፎቶ ቤት አንድ ሽማግሌ ሲገባ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ነበር። ባለቤቱ ወንበር ይስባሉ፤ ሰውዬው ከዘራ ባይኖረውም ከማዕዘን አንስተው ያስይዙታል፤ አገጩን በሁለት ጣት ቀና አድርገው «እንዳይንቀሳቀሱ» ይላሉ። ከኋላ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ አለ። አሥመራ ሐይቅ የላትም። ሽማግሌው ግን በሐይቁ ዳር፣ የሱ ባልሆነ ከዘራ ተደግፎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይነሳል። ከዚያ ባለቤቱ ኔጋቲቩ ላይ አቀርቅረው በቀጭን እርሳስ የፊቱን መጨማደድ አንድ በአንድ ያጠፉለታል። ሰውዬው ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ የታናሽ ወንድሙን ያህል ወጣት ሆኖ፣ ግን ነፍስ የሌለው መስሎ ራሱን ያገኘዋል። ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። አፌን ዘግቼ የምናደድ ዓይነት ሰው ደግሞ አይደለሁም።

ነጻነቱ ከመጣ ገና ብዙም አልቆየም፤ ከተማው ሁሉ ፎቶ መነሳት አምሮታል። ከትግሉ ሜዳ የተመለሱት ከእናቶቻቸው ጋር፣ ከውጭ የመጡት ከአክስቶቻቸው ጋር ተቃቅፈው ለመነሳት ደጃችን ላይ ይሰለፋሉ። አረጋውያኑ ግን ተጎትተው ካልሆነ አይመጡም። ምክንያቱ ይታወቃል። በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት ወሬው የሚነገረው በግድግዳ ነው። ጥቁር ጠርዝ ባለው ወረቀት ላይ ፎቶው፣ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቤተ ክርስቲያኑና የቀብሩ ሰዓት ይታተምና በየፌርማታው፣ በየቡና ቤቱ ደጃፍ ይለጠፋል። ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያነባል፤ የሚያውቀው ሰው ከሆነ መንገዱን ወደ ልቅሶ ቤት ያዞራል። ስለዚህ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች «ፎቶ ተነሡ» ሲባሉ የሚሰሙት ሌላ ነው። «ለግድግዳው ነው አይደል?» ይላሉ ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ። ቀልዳቸውን ነው፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ያልቃል።

ስለ ቤታችን ትንሽ ልናገር። የምንኖረው ፓራዲዞ ሰፈር ነበር። እናቴ የጎንደር ሰው ናት፤ አባቴ የአሥመራ ልጅ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ። እናቴ የምታውቃቸው አማርኛ ተናጋሪዎች አብዛኞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እሷ «ያገባሁት ሰው እዚህ ነው፤ የት ልሂድ?» ብላ ቀረች። ቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚነገረው በእሷ ምክንያት ነው። እኔም ትምህርት ቤት የተማርኩት በእሱ ስለሆነ እስከ ዛሬ የምጽፈው በአማርኛ ነው። አባቴ አማርኛን ከጉሮሮው ነበር የሚናገረው፤ «ሐ»ንና «ዐ»ን ተገቢውን ክብር ሳይሰጣቸው አያልፍም። እናቴ «ብስክሌት» ትላለች፣ እሱ «ብሽክለታ» ይላል። ትዳራቸውን በሙሉ በዚህ ሲከራከሩ ኖረው አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም።

ያቺን ብሽክለታ አባቴ ከእኛ ከልጆቹ ለይቶ ያያት ነበር ብል ሐሰት ነው፤ እኩል ነው የሚያየን። ጠዋት ጠዋት ሻሂውን ፉት ብሎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ የሱሪውን እግር በልብስ መቆንጠጫ ይዞ ይወጣል። ለምሳ ይመለሳል። የት እንደሚውል ጠይቀነው አናውቅም። ሽማግሌ የት ይሄዳል? ቡና ቤት ከመሰሎቹ ጋር ሲያወራ ነዋ የሚያረፍደው፣ ብለን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ለትግሉ ወደ ሜዳ ሲወጣ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም ነበር። በነጻነቱ ሲመለስ በጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ጥሎት የሄደው አባት የአውቶቡስ ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ሰው ነበር፤ ተመልሶ ያገኘው ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚይዝ ሽማግሌ ሆነበት። ይህን ይቅር ሊል አልቻለም። ማንን ይቅር እንደማይል ግን እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ብቻ «አቦ» እያለ የሚጠራውን አባቴን እንደ ሸክላ ዕቃ ይጠብቀው ጀመር። ውኃ ሊቀዳ ሲነሳ «አቦ፣ ዕረፍ!» አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ሲወጣ «አቦ፣ ዕረፍ እንጂ!» ወታደር ሲያዝ የኖረ ሰው ስለሆነ ፍቅሩ ራሱ በትእዛዝ ነበር የሚወጣው።

አንድ ቀን አባቴ ውሻ ገብቶበት ከብሽክለታው ወደቀ። ክርኑ ተላጠ፣ ባርኔጣው ተጨፈለቀ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም። ወንድሜ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከእንግዲህ ብሽክለታ የለም» አለ።

«ኣይፋል»፣ አይሆንም፣ አለ አባቴ ክርኑን እያስጠረገ።

«አቦ፣ እኔ ስትሞት ልቀብርህ አይደለም የመጣሁት። አብሬህ ልኖር ነው። ዕረፍልኝ።»

እናቴ ጥጡን እንደያዘች አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታያለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ከዚህ የከፋ ጠብ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳም እራትም በዚሁ ጉዳይ ሆነ። ወንድሜ የሚሠራው መሥሪያ ቤት እየዋለ ሐሳቡ ቤት ነው። አባቴ ደግሞ ግትር ቢሆንም፣ ይህን ልጅ ስንት ዓመት እንደጠበቀው ስለሚያውቅ ሊያስከፋው አይፈልግም። ሊሸነፍ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ልቤ የተሰበረው ያኔ ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝም ያኔ ነው። ለፎቶ ቤቱ ባለቤት ነገርኳቸው፦ አረጋውያንን በየሥራቸው ላይ፣ ሲወጡ ሲወርዱ እናንሳና ትርዒት እናሳይ።

«ሽማግሌ ሲሮጥ ማን ያነሳል? ሰው ይስቅብናል» አሉ።

«ይሳቅ። ለመሆኑ እርስዎ ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ለካ ልጆቻቸው በየሰንበቱ ይህንኑ ነው የሚጠይቋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «በይ አንሺ» አሉ። «መጨማደዱን ግን እኔ አስተካክላለሁ።»

«አንዲት መስመር እንዳይነኩ!» አልኩና እርሳሳቸውን ከመሳቢያው አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የትርዒቱን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ «ገና ኣይዓረፉን»፤ በአማርኛው «ገና አላረፉም»። በትግርኛም በአማርኛም ያረፈ ሰው ሥራ ትቶ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የሞተ ሰውም ነው። እኛ ያሰብነው የፊተኛውን ብቻ ነበር። አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ለእሑድ ከሰዓት ፈቀደልን።

ሰዎቹን ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ አባቴ «ሰዎቹን እኔ አውቃቸዋለሁ» አለኝ። እውነትም ያውቃቸዋል። እሱ በብሽክለታ ቀስ እያለ፣ እኔ ካሜራዬን አንግቼ ከኋላው እየተጣደፍኩ፣ በየሰፈሩ አዞረኝ። ገዛ ባንዳ ወደሚገኝ ፀጉር አስተካካይ ወሰደኝ። የሰውዬው እጅ ምላጩን ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ምላጩ ጉንጭ ሲነካ ቀጥ ይላል። ደንበኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። እዚያው አካባቢ አንድ አናጺ አለ፤ ወንበር የሚሠራው ማንም ሳያዘው ነው። ግቢው በወንበር ተሞልቶ ለመቀመጥ ግን ቦታ የለም፤ ሁሉም ቀለማቸው አልደረቀም።

ቪላጆ ጀኒዮ ያሉት እናት ግን ልቤን ወሰዱት። የአጥራቸውን ቡጋንቪላ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ነው የሚከረክሙት። እኔን ሲያዩ ወርደው ገቡና ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መስቀላቸውን አውጥተው፣ ወንበር ይዘው መጡ። ተቀመጡና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ኣደይ፣ ለግድግዳው አይደለም» አልኳቸው።

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው ጓለይ፣ ልጄ። በይ አንሺኝ።»

ብለምን እሺ አላሉም። በመጨረሻ ወደ ላይ አይቼ «ያቺ ቅርንጫፍ ግን ቀርታለች» አልኩ። ቀና አሉ። ሳይታወቃቸው ነጠላውን ወገባቸው ላይ አስረው መሰላሉ ላይ ናቸው። እዚያ ላይ ሆነው መቀሱን በአየር ላይ እያወዛወዙ ሲሰድቡኝ አነሳኋቸው። ስንሰናበት የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። «ልጅህ ደኅና ነው?» አሉት። «እወ፣ ደኅና ነው» አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንዲሁ የሰላምታ ወግ መሰለኝ።

የአባቴ ተራ ሲደርስ ከወንድሜ ጋር ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር። አባቴ ብሽክለታው ላይ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ይሰቅላታል። ገዛ ባንዳ ዳገቱ አናት ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ከታች ብቅ አለ፤ ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣው ወደ ማጅራቱ ሸሽቶ፣ የምላሱን ጫፍ ነክሶ። «በርታ! በርታ!» ብዬ ስጮህ ሳቀብኝ። ጣቴ መቼ እንደተጫነ አላውቅም። ፎቶውን ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳጥበው ፊቱ ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ በሕይወቴ ከዚህ የተሻለ ፎቶ እንደማላነሳ አወቅኩ። እስከ ዛሬም አላነሳሁም።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። ብሽክለታዋን ዕቃ ቤት ሰቀለና ተቀመጠ። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ በረንዳ ላይ ያገኘዋል፤ ፊቱ ይበራል። «አየሽ? አሁን ዐረፈ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «እሱስ ዐረፈ፤ የደከምኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ደኅናውን የበር ቁልፍ ፈታታው። ሽንኩርት አከታተፏን አረመ። ይባስ ብሎ ሬዲዮኑን በታትኖ ሲገጥመው የተረፈ ብሎን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እነሱ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ጢሙን መላጨት እንደተወ አይቻለሁ። ጠዋት ሻሂውን ከጨረሰ በኋላ የባዶውን ብርጭቆ አፍ በጣቱ እያዞረ መንገዱን ያያል። ይህ አባቴ አልነበረም። ወንድሜን ልጣላው ፈለግሁ፤ ግን አንድን ሰው ለምን አባትህን ወደድክ ብለው እንዴት ይጣሉታል?

ለትርዒቱ ማስታወቂያ እንዲሆን የመረጥነው የአባቴን ፎቶ ነበር። ባለቤቱ ፎቶውን ከአንገት በላይ ቆርጠው፣ ከስሙና ከዕድሜው፣ ከትርዒቱ ርእስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከሰዓቱ ጋር ማተሚያ ቤት አደረሱ።

በማግሥቱ ጠዋት ፎቶ ቤት ደርሼ መጋረጃውን ስከፍት አንዲት ደንበኛችን ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እግዚሃር ያጥናሽ» ብላ አለቀሰች። ማንን እንዳጣሁ ሳላውቅ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ከዚያ «ትናንት እንኳ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አይቻቸው ነበር» ስትል ገፍቻት ወደ ውጭ ሮጥኩ። ከፌርማታው ግድግዳ ላይ አባቴ ይስቃል። ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ። ከሥሩ ስሙና ዕድሜው። ከዚያ በትልቁ አንድ ቃል፦ «ዓሪፎም»። ዐረፉ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እሑድ፣ ሰዓቱ።

ማተሚያ ቤቱ የለቅሶ ማስታወቂያ ሲያትም የኖረ ነው። ጥቁሩ ጠርዝና «ዓሪፎም» የሚለው ቃል ተገጥመው ነው የሚቀመጡት፤ የሚለዋወጠው ስሙና ፎቶው ብቻ ነው። ፊደል ለቃሚው በኋላ ሲነግረን እፍረት አልነበረውም። «ፎቶ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰዓት አለ። ከዚያ ‹ገና ኣይዓረፉን›? በሐዘን የጻፉት ነው፣ ተሳስተው ነው ብዬ አረምኩላችሁ» አለ። የሚለጥፈው ሰውዬም የሚያውቀው የለመደውን ቦታ ነው። የእኛ እርማት ያልደረሳቸው ብዙ ሰዎች እሑድ ጥቁር ለብሰው አዳራሹ መጡ። ሟቹ በር ላይ ቆሞ ሲቀበላቸው የደነገጡት ደነገጡ፣ የሳቁት ሳቁ፤ ከመጡ አይቀር ብለው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ያን ያህል ሰው የመጣበት የፎቶ ትርዒት ከዚያ በኋላ አላየሁም። ግን ቀደምኩ፤ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

ታክሲ ይዤ ወደ ፓራዲዞ በረርኩ። መንገድ ላይ መሳቅም ማልቀስም እያማረኝ፣ ሁለቱንም እያደረግሁ ነበር። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ መኪናውን ያጣድፈዋል። ስደርስ ድንኳኑ ግማሹ ተተክሏል። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፤ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ይደረድራሉ። እናቴ ደረቷን እየመታች በጎንደርኛ ሙሾ ታወርዳለች፤ በዕድሜዋ እንደዚያ አድርጋ አልቅሳ አታውቅም። ከገበያ ስትመለስ ነው ወሬው የጠበቃት። ቤት ስትገባ አባቴ የለም። ዕቃ ቤት ስትሮጥ ብሽክለታዋም የለችም።

«አልሞተም!» ብዬ ጮኽኩ። «የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው!»

«እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» አሉኝ ጎረቤቶቻችን። ሁለት ሴቶች ክንዴን ያዙ፣ አንዷ ፊቴ ላይ ውኃ ረጨች። «መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። አልቅሺ፣ ይወጣልሻል።»

«ወረቀቱ ተሳስቶ ነው እያልኳችሁ!»

«ግድግዳ ይሳሳታል እንዴ ጓለይ?»

ትን እስኪለኝ ድረስ ተናደድኩ። ከዚያ እኔም ፈራሁ። እውነት አባቴ የት ነው ያለው? ወንድሜ ማስታወቂያውን ከሥራ ለጉዳይ ወጥቶ ፌርማታው ላይ አይቶ፣ ቤት መጥቶ፣ የብሽክለታዋን ባዶ መስቀያ ሲያይ መኪና ገጭቶት ነው ብሎ ወደ ሆስፒታል ሮጧል አሉኝ። ጠዋት ሻሂ አብሮት የጠጣ ሰው እስኪረፋፍድ ሞቶ፣ ታትሞ፣ ተለጥፎ ሊገኝ አይችልም። ይህን ያሰበ ሰው ግን በዚያ ሰፈር አንድም አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቴ ከታች በኩል በብሽክለታ መጣ። ጢሙ ተላጭቷል። ድንኳኑን ሲያይ ወረደ። ያኔ እኔ ጓዳ ውስጥ በሴቶች ተይዣለሁ፤ ይህን የነገረኝ አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤታችን ነው። ብሽክለታዋን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ከኋለኛው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠ። በደጁ ልቅሶ ካለ ሰው መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቀው።

«መን እዩ?» አለ በሹክሹክታ። ማን ነው?

ጎረቤታችን ቀና ሳይል የአባቴን ስም ነገረው።

አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ደኅና ሰው ነበር?» አለ።

«ምን ይጠየቃል፣ ደኅና ሰው ነበር። ብሽክለታ ጨረሰው እንጂ» አለ ጎረቤታችን። ይህን ብሎ ሲዞር የጮኸውን ጩኸት እስከ ጓዳ ሰማነው። ሴቶቹ ለቀቁኝ። ወጥቼ አባቴን ሳየው እላዩ ላይ ወደቅሁ፤ ሕያው መሆኑን ከሁሉም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፣ ግን ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እናቴ አጠገቡ ደርሳ መጀመሪያ ፊቱን ዳሰሰችው። ከዚያ ትከሻውን በቡጢ መታችው። «አንተ ሰውዬ፣ የዚህችን ብስክሌት ነገር!» አለች። «ብሽክለታ» አላት።

የመጣ ሰው አልሄደም። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሻሂ ፈልቷል፣ ዳቦው መጥቷል፤ ለልቅሶ የመጣው ሁሉ ተቀምጦ መሳቅ ጀመረ። የስሕተቱ ወሬ ያልደረሳት አንዲት አሮጊት ዓይኗን በነጠላ ሸፍና ገብታ በአግዳሚው ያሉትን ሁሉ እየጨበጠች ስታጽናና አባቴንም ጨብጣ አጽናናችው፤ እሱም «ኣሜን፣ የቐንየለይ» ብሎ አመሰገናት።

ወንድሜ በእግሩ ነበር የመጣው። ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞሮ ሊጠየቅ የሚችለውን ሁሉ ጠይቆ፣ ላቡ ሸሚዙን አጥቦት። ሳቅ ሲሰማ ቆመ። አባቴ ሻሂውን እንደያዘ አየው። ወንድሜ ጥቂት ሄዶ አባቴ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቁ ጸጥ አለ። አባቴ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈ። ወንድሜ ከሜዳ ከተመለሰ ወዲህ አባቴ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ስለመጣበት ያፈር ነበር መሰለኝ።

«ወደይ፣ ልጄ» አለው፣ «ዕረፍ ዕረፍ ስትለኝ ከረምክ። ዛሬ ዐረፍኩልህ። እንዴት አየኸው?»

 «ኣይፋል» አለ ወንድሜ። ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ከዚያ «አቦ፣ ጠዋት ጠዋት የት ነው የምትሄደው?» አለ።

ከመጣ ጀምሮ አባቴን የሚያዘው እንጂ የሚጠይቀው አልነበረም። አባቴም ይህን ያወቀ ይመስል ሻሂውን አስቀመጠ።

«በፊት ያንተን ወሬ ፍለጋ ነበር» አለ። «አንተ ስትሄድ፣ ልጆቻቸው እንዳንተ የሄዱባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አገኘሁ። ያኔ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። ፀጉር ልቆረጥ ብዬ ገዛ ባንዳ እገባለሁ። ወንበር ላሳድስ ብዬ አናጺው ጋ እሄዳለሁ። ቪላጆ ጀኒዮ ያለችው ደግሞ ሬዲዮን ነበራት፤ ድምፁን ቀንሳ የታጋዮቹን ጣቢያ ትሰማለች። አንዱ የሰማውን ለሌላው የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ብሽክለታ ያለኝ እኔ ነኝ ብዬ።»

እናቴ መሬት መሬት ታያለች፤ እሷ ታውቅ ነበር። እኔ ግን ገና አሁን ገባኝ። ያነሳኋቸው ሰዎች በሙሉ እነሱ ናቸው። መሰላል ላይ ያሉት፣ ምላጭ የያዙት፣ ማንም ያላዘዘውን ወንበር የሚሠሩት። እንዴት እንዲህ ብርቱዎች ሆኑ ብዬ ተደንቄ ነበር እንጂ፣ ቁጭ ማለት ለምን እንደሚከብዳቸው አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

«አሁንስ ታዲያ?» አለ ወንድሜ። «እኔ እኮ መጣሁ።»

«አንተማ መጣህ» አለ አባቴ። «የእነሱ አልመጡም። አንተ መጣህ ብዬ ልተዋቸው?»

 ወንድሜ ተነሳ፤ የሱሪውን አቧራ አራገፈ። ወደ አጥሩ ሄደና ብሽክለታዋን ቀና አደረጋት። የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ተንፍሷል» አለ። ከጎረቤት ፖምፓ ተውሶ መጣ፤ ለልቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እያየው ተንበርክኮ ይነፋ ጀመር።